ለመቀስ የተተወ ቦታ

«ትንሽ ወደ መስኮቱ፣ እትዬ። ትንሽ ነው እንጂ ያልኩት! እንዲያ፣ እዚያው ቁሚልኝ።»

እትዬ ቆመች፤ የቆመችው ግን ለአፍታ ነው። ፎቶ አንሺዋ ካሜራዋን ወደ ዓይኗ ስታስጠጋ፣ ሴትየዋ ሹልክ ብላ ወደ ወንድሟ ተጠጋች፣ የኮቱን አንገት አቃናች፣ ትከሻው ላይ ያለች ለማንም የማትታይ ብናኝ አራገፈች፣ ከዚያ ምንም እንዳላደረገ ሰው ቀጥ ብላ ካሜራውን አየች። በሁለቱ መሀል የነበረው ቦታ ጠፋ። ፎቶ አንሺዋም ካሜራዋን አውርዳ፣ የሴትየዋን ትከሻ በጣቶቿ ጫፍ ያዝ አድርጋ፣ ወለሉ ላይ በፕላስተር ወደተለጠፈላት ምልክት መለሰቻት። ከጠዋት ጀምሮ ሥራቸው ይኸው ነው፤ አንዷ ታራርቃለች፣ አንዷ ትጠጋለች።

እትዬ የሁሉም እትዬ ናት። በመጥረጊያ ፋብሪካው ውስጥ ከዘበኛው እስከ ሒሳብ ሠራተኛዋ ድረስ በሌላ ስም የሚጠራት የለም። ፎቶ አንሺዋ ጠዋት ስትመጣ በአክብሮት «እርስዎ» ብትላት፣ «ምነው ልጄ፣ ገና በማለዳው አታስረጂኝ፤ አንቺ በይኝ» ብላ ገላገለቻት። ወንድሟ በወረቀት ላይ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ የለበሰ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ መሸሽ የጀመረ፣ የልጆች አባት። ለእትዬ ግን ማሙሽ ነው። «ማሙሽ፣ ቀና በል»፣ «ማሙሽ፣ ሆድህን ሳብ» ባለችው ቁጥር የሰውየው ጆሮ ይቀላል።

ቢሮዋ ከማምረቻው በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ጠረጴዛው ተገፍቶ ግድግዳ ይዟል፤ ወንበሮቹ ኮሪደር ላይ ተሰደዋል። ከጀርባ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ቤቱ የሚያመርተው ሁሉ በየቀለሙ ቆሟል፤ የወለል መጥረጊያ፣ የሸረሪት ድር ማውረጃ፣ የልብስ ብሩሽ፣ የጠርሙስ ማጠቢያ። ከሥር ማሽኑ ሲነሳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ፎቶ አንሺዋ የተከለችው የመብራት ጃንጥላም አብሮ ይርገበገባል። ስለዚህ ማሽኑ ፋታ እስኪሰጣቸው እየጠበቁ፣ በየመሀሉ ነው የሚነሱት።

የፎቶ አንሺዋ እንጀራ ይኸው ነው፣ የድርጅት መሥራቾችን ማንሳት። ሠርግ ትታለች፤ ሠርግ ላይ ሁሉም ያዛል። መሥራቾች ይሻላሉ፣ ቢያንስ ቶሎ ይሰለቻሉ። የገረማት ነገር ቢኖር፣ ማን እንዳስተማራቸው እንጃ፣ መሥራች የተባለ ሁሉ ካሜራ ፊት ሲቆም እጁን ደረቱ ላይ ማጣመሩ ነው። ዳቦ ቤት የከፈተውም፣ ኮምፒውተር የሚጠግነውም፣ ሁሉም አንድ ሆኖ ቁጭ። እሷ ታዲያ እጁን ታስፈታዋለች፣ ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች፣ ሳያስበው ሲስቅ ጠቅ ታደርገዋለች።

አንድ ሕግ ደግሞ አላት። ሁለት ሸሪኮችን አንድ ላይ ስታነሳ መሀላቸው አንድ ክንድ የሚያህል ባዶ ቦታ ትተዋለች። ትከሻ ለትከሻ አታነካካም፣ እጅ ለእጅ አታያይዝም። ለምን ቢሏት ብርሃኑ እንዲገባ ነው ትላለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ሽርክና ይፈርሳል። ዛሬ ተቃቅፈው የሚስቁት ነገ በጠበቃ ይነጋገራሉ፣ ከዚያም አንደኛው ፎቶውን ይዞ ይመጣና ሌላኛውን ቁረጪልኝ ይላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እሷ ቀድማ ትጠረጥርላቸዋለች።

ዛሬ ግን ያ ቦታ ከበዳት፤ የከበዳትም በትናንቱ ስልክ የተነሳ ነው። ማሙሽ ደውሎ፣ ከአንድ ትልቅ ባለገንዘብ ጋር አብረው ሊሠሩ መሆኑን፣ ለሰውየው የድርጅቱ ታሪክ በመጽሔት ታትሞ እንደሚቀርብ፣ ለዚያ የሚሆን የመሥራቾች ፎቶ እንደሚያስፈልግ ነገራት። ቀጠለና መሀላችንን ሰፋ አድርጊው አላት። እሷም ለአንተ አዲስ ይሁን እንጂ ለእኔ ልማዴ ነው፣ ከፈለግህ ለብቻህም አነሳሃለሁ ስትለው፣ ማሙሽ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለብቻዬ ካነሳሽኝ እህቴ ለምን ትላለች። ፎቶ እንደምንነሳ ሰምታ ፀጉሯን ሁሉ ተሠርታለች። አንድ ላይ አንሺን፤ መሀሉን ብቻ... እና እባክሽ፣ እሷ ይህን ነገር አትወቅ።»

ከዚያ አያይዞ፣ ሥራው ካማረ የፋብሪካውን ዕቃ በሙሉ ለካታሎግ የምታነሺው አንቺ ነሽ አላት። ሥራ በቀዘቀዘበት ሰሞን እንዲህ ያለ ነገር ከሰማይ እንደወረደ ይቆጠራል። እሺ አለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን «አትወቅ» የምትለዋ ቃል ሆዷ ውስጥ ቀረች። ልማዷን ሲያዝዟት የመጀመሪያዋ ነበር። እኔ ፎቶ አንሺ እንጂ ሽማግሌ አይደለሁም፣ የሰው ቤት ጉዳይ ምን አገባኝ ብላ ተኛች፤ ጠዋት ግን ያችን ፀጉሯን የተሠራች ሴት ስታያት ያች ቃል ተመልሳ መጣችባት።

እትዬ ካሜራ ፊት ስትቆም ፊቷ ይደርቃል። አፏን ገጥማ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ መታወቂያ ሊያወጣ የመጣ ሰው ትመስላለች። ፎቶ አንሺዋ እንደ ልማዷ ወሬ ጠየቀቻት፤ ይህ መጥረጊያ እንዴት ተጀመረ አለቻት። መጠየቋ ክፉ አልነበረም፤ እትዬ ወሬው ሲመጣላት ሰውነቷ ተፍታታ።

ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት ነበርኩ አለች። የሚሰጡን መጥረጊያ ከቆሻሻው ይልቅ የራሱን ፀጉር ያራግፋል፣ መጥረጊያውን በሌላ መጥረጊያ እንጠርገዋለን። አንድ ቀን ብሽቅ አልኩና እቤት ወስጄ ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። ጓደኞቼ አዩት፣ ለእኛም አሉ። ማሙሽ ያን ጊዜ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፣ ከረባት የሚያስር። ከሥራ ሲወጣ መጥረጊያውን ተሸክሞ በየሱቁ ይዞርልኝ ነበር።

«አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ መጥረጊያዎቹን አቅፎ ቆሟል፤ ትኬት ቆራጩ 'የነሱንም ክፈል፣ እንዳንተ ቆመው ነው የሚሄዱት' አይለው መሰለሽ! ይሄ ሞኝ ከፈለ እኮ። ለእያንዳንዳቸው!»

ማሙሽም ሳይወድ ሳቀ። «ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር፣ እትዬ። ምን ላድርግ?»

ፎቶ አንሺዋ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገች። እትዬ ግን ካሜራው መጮሁን እንደሰማች ፊቷን መልሳ ቆለፈች። የቀረው ያ የመጨረሻ ሳቅ ነው፤ እሱን ካገኘች ሥራው አለቀ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ፊት ሲገጥማት የማትስትበት አንድ ጨዋታ አላት፣ የአራቱ ጣቶች ጨዋታ። ሁልጊዜ የምታወጋው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነው። ዛሬ ምን እንደነካት እንጃ፣ አፏ ቀደማት።

አንድ ጊዜ ሁለት ጡብ ሻጮች አነሳሁ ብላ ጀመረች። ነፍስና ሥጋ ናቸው፣ አንዱ የአንዱን ትከሻ አቅፎ ካልሆነ አንነሳም አሉ። ዓመት ሳይሞላቸው ተጣሉ። አንደኛው እየተንጨረጨረ መጣና፣ ያን ከሀዲ ከአጠገቤ አጥፊልኝ አለ። እኔም ለአስተካካይ ሰጠሁት፣ እሱም ከሀዲውን ከነኮቱ፣ ከነጫማው አጠፋው። ሰውየው ፎቶውን አሳትሞ ለደንበኛ ሁሉ በተነ። በማግስቱ አንድ ደንበኛ ደወለለት።

«'ፎቶህ ያምራል፣ ወንድሜ፤ ትከሻህ ላይ ያሉት አራት ጣቶች ግን የማን ናቸው?' አለው።»

እትዬ ፈረሰች። ጉልበቷን ይዛ፣ ወደፊት ተደፍታ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ፎቶ አንሺዋ አላለፈችውም፣ ጠቅ አደረገችው። በዚያ ቀን ካነሳችው ሁሉ የሚበልጥ ፊት ነበር፤ ሥራዋን የምታውቅ ሰው ናትና ሳታየው አወቀችው። በደስታዋም ላይ የጨዋታውን ጭራ ጨመረችበት።

«ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰው ሳነሳ መሀል ላይ ለመቀስ የሚሆን ቦታ ሳልተው አላነሳም!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ወይ ጉድ፣ ምን ነካኝ ብላ ከንፈሯን ነከሰች፣ ግን ማን ይመልሰው። ማሙሽ አሁንም ይስቃል፤ ከሳቁ ልክ በላይ፣ ሁሉም ከጨረሰ በኋላ። እትዬ ዓይኗን በመዳፏ ጠራርጋ ቀና አለች፤ እሷ የቆመችበትን ምልክት አየች፣ ወንድሟ የቆመበትን አየች።

«ታዲያ እኛንም ለዚህ ነው ያራራቅሽን?»

«ለሁሉም ነው የማደርገው፣ እትዬ። መንትዮችም ቢመጡ እንዲሁ ነው።»

ውሸት የለበትም። እትዬም ራሷን ነቅንቃ፣ ሊሆን ይችላል፣ ሥራ ሥራ ነው አለች። ማሙሽ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ተቀብሮ ይቀር ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ግን ጥፋት ያለበት ሰው ዝምታ ያሳክከዋል።

«እውነቷን ነው» አለ ፈጠን ብሎ። «ትናንት ስደውልላትም 'ልማዴ ነው' ነው ያለችኝ።»

እትዬ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች። «ስለ ምን ስትደውልላት?»

ማሙሽ የኮቱን ቁልፍ መቆለፍና መፍታት ያዘ። ስለዚህ እትዬ ወደ ፎቶ አንሺዋ ዞራ፣ ልጄ፣ ምን ብሎ ነው የደወለልሽ ብላ ጠየቀቻት። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ፎቶ አንሺዋ ከእትዬ ትከሻ በላይ የማሙሽን ዓይን አየችው፤ የሚለምን ዓይን ነው። አሳዘናት እንጂ አልጠላችውም። ካታሎጉም ትዝ አላት፣ ትዝ አላለኝም ብትል ሰው አይደለችም። ልማዴ ነው ብላ ብትደግመው እትዬ ታምናታለች። ችግሩ ማመኗ ነው።

«እሱ ቢነግርሽ ይሻላል፣ እትዬ» አለች። «እኔ ኮሪደር ላይ ልቆያችሁ።»

«የትም አትሄጂም። አንቺም አለሽበት።»

ፎቶ አንሺዋ ካሜራዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች። ከሥር ማሽኑ ተነስቶ ወለሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ማሙሽ ማሽኑ እስኪቆም የጠበቀ መሰለ፤ ማሽኑ ግን አልቆመለትም፣ ስለዚህ በዚያ ጫጫታ ውስጥ ተናገረው። ባለገንዘቡ ፋብሪካውን ሊያይ የመጣው እትዬ የታመመች ሠራተኛ ልትጠይቅ በሄደችበት ቀን ነበር። ተዘዋውሮ አየ፣ ወደደ፣ ይህን ሁሉ ማን ጀመረው ብሎ ጠየቀ። ማሙሽም እኔ አለ። በቃ፣ ያቺው ናት፣ አንዲት ቃል። ካለ በኋላ ሰውየው እየተደነቀ ታሪኩን ጠየቀው፤ ታሪኩ ደግሞ ያለ ሆስፒታሉ አይሆንም። ስለዚህ ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት የነበረች አንዲት ዘመድ ነበረችኝ ብሎ ነገረው።

«ዘመድ» አለች እትዬ።

«አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ እንዴት ልመልሰው? ሰውየው በየስብሰባው ያወራው ጀመር። አሁን መጽሔቱ ላይም እንዲሁ ሊወጣ ነው። አንቺን የሚቀንስብሽ ነገር የለም፣ ደመወዝሽ እንዳለ ነው፣ ድርሻሽም...»

«ስለ ደመወዝ ጠየቅሁህ?»

አልጠየቀችውም። ልነግርሽ ነበር አላት። መቼ ስትለው፣ ሁሉም ነገር ተፈርሞ ካለቀ በኋላ አለ።

«ካለቀ በኋላ የሚነገርማ መርዶ ነው፣ ማሙሽ።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ከረባቱን ሊያላላ ብሎ ጎተተው፣ ይባስ አጠበቀው። ፎቶ አንሺዋ ወለሉ ቢውጣት ደስ ባላት። ይህን ያህል ዓመት ሸሪኮች ከተጣሉ በኋላ ነው ወደ እሷ የሚመጡት፤ ነገሩ ሲሆን ቆማ አይታ አታውቅም። እንዲህ በዝግታ፣ ማንም ሳይጮህ ይሆናል ብላ አላሰበችም። እትዬ አላለቀሰችም። ለፎቶው ብላ የተሠራችውን ፀጉሯን ብቻ በመዳፏ ዳሰስ አደረገችው፣ እንደሚያፍር ሰው።

«የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለች ቆይታ። «ብትነግረኝ በራሴ እግር እወጣልህ ነበር። ጉልበቴ ደክሟል፣ ደረጃው እንኳ ያታግለኛል። እትዬ፣ እስቲ ይህን ለእኔ ተይልኝ ብትለኝ፣ መቼ እምቢ ብዬህ አውቃለሁ? ፎቶውንም አልነሳም ነበር። አሁን ግን አልወጣም።»

ማሙሽ ይቅርታ አለ፤ ማሽኑ ዋጠበት። ደግሞ አለው። እትዬ እንደሰማችው ያስታውቃል፣ መልስ ግን አልሰጠችውም። ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ከተሰደዱት ወንበሮች አንዱን እየጎተተች ተመለሰች። ፎቶ አንሺዋ ልታግዛት ብትንደረደር በዓይኗ መለሰቻት። ወንበሩን ከመደርደሪያው ፊት፣ ልክ ከመሀሉ ላይ አስቀመጠችና ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠችበት።

«ና፣ ከኋላዬ ቁም» አለችው።

መጣና ቆመ።

«እጅህን ወንበሩ ላይ አድርግ። አሁን አንሺን፣ ልጄ።»

ፎቶ አንሺዋ በሌንሱ ውስጥ አየቻቸው፤ ያየችውንም ወዲያው ተረዳችው። እህትየው ከፊት ሙሉ ሰው ሆና ተቀምጣለች፤ ወንድምየው ከጀርባዋ፣ ከደረቱ በላይ ብቻ ይታያል። ከዚህ ፎቶ እትዬን ያወጣ ሰው ማሙሽን እግር አልባ፣ ሆድ አልባ አድርጎ መደርደሪያ ላይ ይሰቅለዋል። ማሙሽን ለማውጣት ግን አንድ መቀስ ይበቃል። ሴትየዋ ይህን አስባ ይሁን ደክሟት ይሁን የተቀመጠችው ለመጠየቅ ፎቶ አንሺዋ ድፍረቱ አልነበራትም። ማሙሽም ገብቶታል። ዓይኑን አንስቶ፣ አንቺ እንኳ አንድ ነገር በይ እንጂ በሚል ዓይን አያት፤ ሕግ አለኝ ያለችው እሷ አይደለችም እንዴ።

«ቀና በል» አለችው ፎቶ አንሺዋ፣ ቁልፉንም ተጫነችው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ከታች አንዱ ሠራተኛ እትዬ እያለ ተጣራ፣ ክሩ ማሽኑ ውስጥ ተጠላልፎ ኖሯል። እትዬ ፎቶ አንሺዋን ጉንጯን ስማ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጠች ወረደች። ወንድሟን በፊት እንደምታደርገው ማሙሽ ብላ አልጠራችውም፣ አላኮረፈችውም፤ መብራቱን መሸከም አግዛት ብላው ብቻ ሄደች።

ማሙሽ መብራቱን ከስታንዱ ላይ ፈታ። የጃንጥላውን አጣጠፍ አላወቀበትም፣ ፎቶ አንሺዋ ተቀብላው አጠፈችው።  መጽሔቱ ሰሞኑን ማተሚያ ቤት ይገባል አለ እሱ። ፎቶዎቹን መቼ እንደምትልክለት ጠየቃት።

«ዛሬ ማታ ይደርስሃል። ያችን የመጨረሻዋን።»

«የመጀመሪያዎቹስ? እነዚያ የቆምንባቸው?»

ፎቶ አንሺዋ ካሜራዋን ከፍታ ወደ ኋላ መለሰችው። እትዬ ጉልበቷን ይዛ የምትስቅበት መጣ። ያማረ ነበር፣ እንዲያውም ካሰበችው በላይ። ማሙሽ ከጎን፣ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቆሟል፤ መሀላቸው ጥርት ያለ ባዶ ቦታ፣ አንድ ሥራዋን የምታውቅ ሰው የተወችው። እንዲህ ያለ ፊት በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው።

«እነሱ አልወጡም» አለች።

«ምን ሆነው?»

«እህትህ ዓይኗን ጨፍናለች።»

«በሁሉም ላይ?»

«በሁሉም ላይ።»

ማሙሽ አያት። መዋሸቷን ያውቃል፤ ማወቁንም እሷ ታውቃለች። ካታሎጉ በዚያች ቅጽበት በመስኮቱ ወጥቶ ቢሄድ አይገርማትም ነበር። ከታች እትዬ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብላ ስትቆጣ ትሰማለች፣ ክሩን እንዲህ ነው የምትጎትቱት ትላለች። ማሙሽ ያን ድምፅ ጥቂት ቆሞ አዳመጠው። ከዚያ ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«እንግዲያው ያችኑ ላኪልኝ» አለ። «ለሰውየው የምነግረውን እኔ እነግረዋለሁ።»

ከባዱን የመብራት ሻንጣ አንስቶ ወደ ደረጃው ሄደ። ፎቶ አንሺዋ ወዲያው አልተከተለችውም። መስኮቱ አጠገብ ቆማ የሳቁን ፎቶ አንድ ጊዜ ደግማ አየችው፤ ከዚያ ከእሱ ጀመረችና፣ ያነሳቻቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አጠፋቻቸው።